ሰብሳቢው የደበዘዘበት ክረምት

ግንቦት 10፣ 2017፣ እሑድ

የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ዛሬ ተካሄደ። ለሰብሳቢነት ሁለት ሰው ተጠቆመ፤ ተክለብርሃንና እኔ። እሱ ስልሳ አንድ ድምፅ፣ እኔ አሥራ አራት። ቃለ ጉባኤውን የምይዘው እኔው ስለሆንኩ ውጤቱን በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ በአኃዝም በፊደልም።

አልከፋኝም። ተክለብርሃን የሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነው። አጥራችን አንድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈራችን ከፈረንሳይ ተነስተን እንጦጦን አብረን እንወጣለን። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ ቤቴ ያደረው እሱ ነው። እኔም በጸሐፊነቴ እቀጥላለሁ፤ ጸሐፊ የሌለው ዕድር ምን ዕድር ነው።

ብቻ ወንበር ስንሰበስብ አንዱ ከኋላዬ ለጓደኛው ሲል ሰማሁ፦ «ወንደሰን ደህና ሰው ነው። ግን ተክለብርሃን አጠገብ ሲቆም አይታይም።»

አልዞርኩም።

ግንቦት 17፣ እሑድ

የእህቴ ልጅ ሃይሚ ከመሪ ሰፈር መጣች። የሠርግ ፎቶ ነው የምታነሳው። ጡረታ የወጣሁ ዓመት አሮጌ ካሜራዋን ሰጥታኝ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የሻይ ቴርሞስ የሚያህል ሌንስ አዋሰችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ መቶ ሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትር ነው። ረጅም ሌንስ ስለሆነ ራቅ ብለው ነው የሚያነሱበት። ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ በሰፊው፣ ኤፍ ሁለት በሚባለው ቁጥር ላይ ሲከፍቱት ፎከስ ያደረጉበት ሰው ብቻ ጥርት ይላል። ከኋላው ያለው ሁሉ ብለር ይሆናል፤ ይደበዝዛል።»

«ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ለምን ሁለት ይባላል? ብዙ ነበር መባል ያለበት።»

«ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጋሼ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ እንዲህ ያለ አሠራር አላጋጠመኝም። ግን ገባኝ። ኤፍ አሥራ አንድ ቢሉት ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ የፊቱም የኋላውም አብሮ ይታያል። ሌንሱ በረዘመ፣ የኋላው ነገርም ከሰውዬው በራቀ መጠን ድብዘዛው ይብሳል።

ግቢ ውስጥ ሞከርነው። ሃይሚን አቁሜ ባነሳት ከኋላዋ የዛገው የቆርቆሮ አጥሬ፣ የተቀደደው በርሜል፣ የነተክለብርሃን ልብስ ማስጫ፣ ሁሉም ጠፍቶ ለስላሳ ቀለም ሆነ። ግቢዬ ሆቴል መሰለ። ይህ ጥበብ በእኛ ጊዜ በመሥሪያ ቤት ቢኖር ስንት ዓመታዊ ሪፖርት ያምር ነበር!

ግንቦት 24፣ እሑድ

ኮሚቴ። የዕድሩ ሠላሳኛ ዓመት መጽሔት ይታተማል። የሽፋኑ ፎቶ ለእኔ ተሰጠ፤ በሙሉ ድምፅ። ሥራ የሚጨምር ነገር ሲሆን ሁልጊዜ በሙሉ ድምፅ ነው።

ሰኔ 1፣ እሑድ

ኮሚቴውን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። ከኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፉ መሃል የድንጋይ ደረጃ አለ። ሰዎቹን በማዕረግ ደረደርኳቸው። ተክለብርሃን ሰብሳቢ ነውና ከሁሉም ከፍ ብሎ ላይኛው ደረጃ ላይ እንዲቆም አደረግሁ። ከፊተኛው ረድፍ አራት ሜትር ቢርቅ ነው። አራቱን የኮሚቴ አባላት ከታች በወንበር አስቀመጥኩ፤ ሁለት በግራ፣ ሁለት በቀኝ። መሃል አንድ ባዶ ወንበር ተውኩ። ለጸሐፊው።

«ወንዴ፣ አልራቅሁም?» አለኝ ተክለብርሃን ከላይ።

«ግርማ የሚሰጥህ እሱ ነው» አልኩት።

ሌንሱ ረጅም ስለሆነ ካሜራውን የተከልኩት አሥራ አምስት ሜትር ርቄ ነው። ኤፍ ሁለት። ፎከሱን ባዶው ወንበር ላይ አደረግሁ፤ የሆነ ነገር ላይ መደረግ አለበትና። በራሱ እንዲያነሳ አሥር ሰኮንድ ሞላሁለትና ሮጥኩ።

ዳገት ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ያንሸራትታል። ዕድሜዬ ስልሳ አራት ነው።

ወንበሮቹን ተሸክሞ ያወጣልን ዲንሳ ነበር፤ የዕድሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ። የእኔ ወንበር ተንጋዶ አይቶ ሊያቃናልኝ ጎንበስ ሲል ካሜራው መንጫጫት ጀመረ። «ኧረ ባዶ ሊወጣ ነው!» ብሎ ቁጭ አለበት። ቀጭ!

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ፎቶውን በኮምፒዩተር አየሁት።

ዲንሳ እንደ ንጉሥ ተቀምጧል። የሹራቡ ክር ይቆጠራል። ጥርት፣ ጥርት ያለ ሰው። አራቱ አባላት ከጎንና ከጎን እንደ ሚኒስትሮቹ። ከኋላ ደግሞ አንድ ረጅም ነገር አለ፤ አፍንጫውና ጢሙ ተዋህደዋል። ተክለብርሃን ነው። በግራ ጥግ የእኔ ጀርባና አንድ ክርን።

ትናንት ከዚያ በኋላ ለማንኛውም ብዬ በኤፍ አሥራ አንድ ሌላ አንስቼ ነበር። ሁሉም ሰው ይታያል። ቅንብሩ ግን አይስብም። እዚያ ላይ የቆምኩት ከተክለብርሃን ጎን ነው።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ማተሚያ ቤቱ ቶሎ አንድ ፎቶ ላክ አለኝ። ጥበብ ያለበትን፣ የኤፍ ሁለቱን፣ ላክሁ።

ሰኔ 15፣ እሑድ

መጽሔቱ ታደለ። ሦስት መቶ ቅጂ። መጀመሪያ ዝምታ፣ ቀጥሎ ሳቅ፣ ቀጥሎ የአባይነሽ ድምፅ። አባይነሽ የተክለብርሃን ሚስት ናት፤ ድምፅዋ ያለ ማጉያ ጉባኤ ይመራል።

«ባሌ የታለ? ይሄ ጭስ ነው እንዴ ባሌ? ጸሐፊው! ሰብሳቢውን አጥፍተህ ጠባቂውን ሰብሳቢ አደረግከው?»

«የዘመኑ ጥበብ ነው፣ እትዬ አባይነሽ። ብለር ይባላል።»

«ብለር ራስህን ያድርግህ!»

ተክለብርሃን መጽሔቱን ተቀበለ፤ አየው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተክለብርሃንን በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። አልወጣም። አባይነሽ በመስኮት፣ «ጉልበቴን አሞኛል ብሏል» አለችኝ። ከእሱ ጉልበት በፊት የእኔ ነው የሚያመው።

ብቻዬን ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ተመለስኩ።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

በጭር ባለው መንገድ ፊት ለፊት ተገናኘን። ሦስት ክንድ አልሞላም። ዓይኔን እያየ አለፈኝ። ሰላም አላለኝም። ሠላሳ ዓመት! ከእኔ ቀጥሎ ያለውን የመብራት ግንድ ግን ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም አለው። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ከግንድ አሳንሶኛል።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ቀብር ነበር። የሟችን የሕይወት ታሪክ የሚያነብበው ሰብሳቢው ነው፤ ደንብ ነው። እኔ በሚያምር ጽሕፈት አዘጋጅቼ ሰጠሁት። ተክለብርሃን ወረቀቱን ራቅ አደረገው፣ ቀረብ አደረገው፣ ከዚያ ሕዝብ ፊት፣ «ዲንሳ፣ አንተ አንብበው» አለ።

ዲንሳ አነበበ። መልካም አነበበ፤ ሴቶቹ ሁሉ አለቀሱ። እኔ ግን እዚያው መሬት በዋጠኝ አልኩ። የእኔን ጽሕፈት መንካት ተጸየፈ! «ፎቶህ ሰብሳቢ ያደረገው ሰው ያንብበው» ማለቱ ነው። እንዲህ ረቂቅ በቀል ያውቃል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ዲንሳ ዘንድ ሰው ይሰለፋል። ድንኳን ፈላጊ፣ የአጥር ክርክር ያለው፣ ባሏ የሚያስቸግራት፣ ሁሉም መጽሔቱን ይዞ እሱ ጋ ነው። ሽፋን ላይ መሃል ተቀምጦ ጥርት ብሎ ከታየ ሌላ ምን ሹመት ያስፈልጋል? ዛሬ ሰማሁት፦

«እናቴ፣ እኔ እኮ ድስትና ድንኳን ነው የምጠብቀው» ይላል።

«አውቃለሁ ልጄ፣ ግን አንተ ወስንልን» ትለዋለች።

ወሰነ። ሁለቱም ወገን መርቆት ሄደ። እኔን ዛሬም ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

አባይነሽ ሽማግሌ ላከችብኝ። አባ ዘመንፈስቅዱስ ቤት ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አባ የአካባቢው ሁሉ የንስሐ አባት ናቸው፤ መሬት፣ ፍቺና ውርስ ዳኝተዋል። ስለ ሌንስ ሲዳኙ የመጀመሪያቸው ነው። ሃይሚ ሙያውን እንድታስረዳ ተጠራች።

«ልጄ፣ ይህ ዕቃ ሰውን በራሱ ያደበዝዛል ወይስ ታዝዞ?» አሏት አባ።

«ቀዳዳው በሰፊው ሲከፈት፣ አባ፣ ከኋላ ያለው ሰው ይደበዝዛል።»

«ጠባብ ሲሆንስ?»

«ሁሉም ይታያል። ኤፍ አሥራ አንድ ላይ ቢሆን ኖሮ ጋሽ ተክሌም ጥርት ብለው ይታዩ ነበር።»

«እዚህ ላይ ስንት ነበር?»

«ሁለት።»

«እንግዲህ ሰውን ለማጥፋት ቁጥሩን ማሳነስ ነው ማለት ነው» አሉ አባ። ዞር አሉብኝ። «አቶ ወንደሰን፣ ይህን ያውቁ ነበር?»

«ካሜራው አውቶማቲክ ነው» አልኩ።

ሃይሚ መሬት መሬት አየች። አላጋለጠችኝም። ምነው ባጋለጠችኝ።

ከዚያ አባ መጽሔቱን ለተክለብርሃን ሰጡት። «አንተስ? የተበደልከው አንተ ነህ። አይተህ ተናገር።» ተክለብርሃን በሁለት እጁ ይዞ ረጅም ጊዜ አየው።

«ጥሩ ነው» አለ። «ዛፎቹ አምረዋል።»

ዛፎቹ! ዛፎቹ አረንጓዴ ገንፎ ነው የሚመስሉት። አንድ ቅጠል የሚለይ የለም። እንዲህ ያለ ሽሙጥ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌዎቹም ገብቷቸው አንገታቸውን ደፉ።

ፍርዱ፦ ፎቶው እንደ ገና ይነሳ። ሁሉም ሰው ጥርት ብሎ ይታይ። ለእኩልነት ሲባል እያንዳንዱ አባል በተጨማሪ ለብቻው ይነሳ፤ አንሺዋ ሃይሚ ትሁን። ጸሐፊው ካሜራውን እንዳይነካ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ።»

«እኔ ምን አልኩና? ይቅር ብያለሁ» አለ ተክለብርሃን። እጁን ዘረጋልኝ። እጄን አልፎ እጅጌዬን ያዘ። እጄን እንኳ መጨበጥ አልፈለገም።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ካሜራው አውቶማቲክ ነው አልኩ። አባ ፊት።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ፍልሰታ እንደ ተፈታ ዝናቡ ፋታ ሲሰጠን ወጣን። ሃይሚ በሌላ ሌንስ፣ በኤፍ አሥራ አንድ አነሳችን። ወዲያው ከካሜራው ጀርባ ባለው መስታወት አሳየችን። ጥርት ብሏል። ሁሉም ነገር። የገንዘብ ያዧ የጎደለ ጥርስ፣ የሒሳብ ሹሙ የተፈታ ዚፕ፣ ከደረጃው በስተኋላ የተጣለ ቆሻሻ፣ እንጨት ተሸክመው በመሃላችን የሚያልፉ ሁለት ሴቶች፣ ከባሏ ጎን ካልቆምኩ ያለችው የአባይነሽ ቁጣ።

«ሃይሚዬ፣ ትንሽ እንኳ ብለር አይደረግም?» አለች አባይነሽ በለሆሳስ። «እኔ ላይ ብቻ።»

ለብቻ ለብቻ ስንነሳ ግን ሃይሚ ያን ረጅሙን ሌንስ አወጣች። ኤፍ ሁለት። «እንዴት? የተከሰስኩበት እኮ ነው!» አልኳት።

«ለአንድ ሰው ልኩ ይሄ ነው፣ ጋሼ። የሚደበቅ ሰው ከኋላ የለም።»

ተክለብርሃን ሲወርድ ደረጃውን ስቶ ወደቀ። ዲንሳ አነሳው። እኔ ቀርቤ ነበር፤ እጄን መዘርጋት ፈርቼ ቆምኩ።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ሃይሚ ደወለች።

«ጋሼ፣ የጋሽ ተክሌን ፎቶ አጉልቼ እያየሁት ነው። ፎከሱ ልክ ዓይናቸው ላይ ነው። ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር አለ። ሁለቱም ላይ፤ ግራው ይብሳል። ያያሉ እንዴ እሳቸው?»

ስልኩን ዘግቼ ይህን ማስታወሻ ወደ ኋላ ገለጥኩ። የመብራት ግንዱ። ወረቀቱ። እጅጌዬ። ዛፎቹ።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

አባይነሽ ገበያ ስትወጣ ጠብቄ ሄድኩ። በጠራራ ፀሐይ በሩ ላይ ፊቱ ቆሜ እያለሁ፣ «ማነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አ፣ ወንዴ! ግባ፣ ግባ።» ደስ አለው። የተቀየመ ሰው ድምፅ አልነበረም። ሻይ ልቅዳልህ አለ፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ተክሌ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

መካድ ጀመረ፤ ከዚያ ተወው። «ግራው ከታኅሣሥ። ቀኙ ከፋሲካ ወዲህ። ጉባኤው ላይ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሲያጨበጭቡልኝ ደስ አለኝ። ሰብሳቢ ያደረጉኝ ሁሉን በስሙ ስለምጠራ ነው፤ ሰው የማይለይ ሰብሳቢ ምን ይሠራል? ለአባይነሽም አልነገርኳት።»

«ቅዳሜ ቅዳሜስ?»

«ድንጋዩ አይታየኝም። አንተ ፊት መውደቅ አፈርኩ።»

«መንገድ ላይ ሰላም ያላልከኝስ?»

«መቼ?»

«ፎቶውስ?» አልኩት።

«የቱ? የመጽሔቱ? ደብዝዟል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ምን ላውቅ ወንዴ፣ ለኔ ሁሉም ሰው እንደዚያው ነው።»

ክረምቱን ሙሉ ተቀየመኝ ብዬ ስንት ገጽ ጻፍኩ! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ «ምን ሆነህ ነው?» ብዬ አልጠየቅሁትም። ፎቶውን አውቄ እንዳደበዘዝኩት እዚያው መናገር ነበረብኝ። ሻዬን ጠጣሁ።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ለአባይነሽ አብረን ነገርናት። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ሁለታችንንም ሰደበች፣ ቀጥላ ጠበል አለች። አባ ዘመንፈስቅዱስ፣ «ጠበሉም ይጠመቅ፣ ሐኪሙም ይየው፤ አይጣሉም» ብለው ገላገሉን። ሐኪሙ፣ «የዓይን ሞራ ነው፤ ይገፈፋል» አለ። ነገሩ ይኸው ነበር።

መስከረም 13፣ ማክሰኞ

ግራ ዓይኑ ተሠራ። ወረፋ የያዝኩት እኔ ነኝ። ክንዱን ይዤ ስገባ ነርሷ፣ «ወንድም ነዎት?» አለችኝ። አዎ አልኩ።

መስከረም 14፣ ረቡዕ

ጨርቁ ተነሳ። መጀመሪያ አባይነሽን አየ። «ቀሚስሽ ቢጫ ነው» አለ። እሷም በዚያ ድምፅዋ ሆስፒታሉን አናወጠችው።

መስከረም 16፣ ዓርብ

መጣ። በሩን ሳያንኳኳ ገባ። መጽሔቱን ይዟል።

«ይሄ ማነው?» ጣቱን ጭሱ ላይ አደረገ።

«አንተ ነህ።»

«ይሄ? እኔ?» ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደው። «ዲንሳን ተመልከተው፣ ቅንድቡ ሁሉ ይቆጠራል! እኔ እንደ ኩበት ጭስ! ሦስት መቶ ቤት እንዲህ ሆኜ ገባሁ?»

ወንበር ሳብኩለት፤ አልተቀመጠም።

«ካሜራው ነው ብለህ ነበር። ወንዴ፣ ካሜራው ነው?»

ሽማግሌ የለም። ሃይሚ የለችም። «አይደለም። አውቄ ነው። ወንበሩንም ለራሴ ነበር የተውኩት። ሁሉም የሚታይበት ሌላ ፎቶ ነበረኝ፤ ያንን አልላክሁም።»

«ለምን?»

«ካንተ አጠገብ ሲቆም አይታይም ሲሉኝ ሰማሁ።»

መጽሔቱን ጠቀለለው። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ፣ «ይህን እንዳይ ነው ያሳከምከኝ?» አለኝና ወጣ።

መስከረም 18፣ እሑድ

አባይነሽ በአጥሩ ላይ፦ «እኔ ስጮህ ዝም ያለ ሰውዬ አሁን ቤቱን አናወጠው። ፎቶው እንደ ገና እንዳልተነሳ ሁሉ፣ ያንኑ አሮጌውን መጽሔት ይዞ ይዞራል። ምን ብለህ ነገርከው? ደህና ታርቃችሁ!»

እውነቱን ብያት ገባሁ።

መስከረም 25፣ እሑድ

ወርኃዊ ስብሰባ። ተክለብርሃን የአባላቱን ስም ራሱ ጠራ፤ ያለ መነጽር፣ እያንዳንዱን ቀና ብሎ እያየ። የእኔን ዘለለው።

ምክትል ሰብሳቢ ተመረጠ። ዲንሳ። ሰባ ሁለት ድምፅ። እኔም እጄን አወጣሁ። በአኃዝም በፊደልም ጻፍኩት። ከዚያ ተነስቼ ስለ ፎቶው እውነቱን ለጉባኤው ተናገርኩ። ሰው የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። «ዱሮም እናውቃለን፣ ተቀመጥ» አለኝ አንዱ። ድምፁን ለየሁት፤ ግንቦት ላይ ከኋላዬ የነበረው ነው።

ተክለብርሃን አጀንዳ ሁለት ብሎ ቀጠለ።

ጥቅምት 8፣ 2018፣ ቅዳሜ

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሩ በከዘራ ተደበደበ።

«ተነስ። ብቻዬን እንድወጣ ነው?»

ልብሴን እንዴት እንደ ለበስኩ አላውቅም። ቁጣው ሙሉ በሙሉ አልበረደም፤ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ግን ዝም ማለት አልቻለም። እያንዳንዱን ነገር ይቆጥርልኛል። «አየህ አደዩን፣ ገና አልረገፈም። የኪዳነ ምሕረትን ጉልላት አየህ? ያቺን ሴትዮ አየሃት፣ ነጠላዋ ጥለቱ ቀይ ነው። ካራ ሰፈር ድረስ ይታየኛል እኮ!»

«አየሁ» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ጥለቱ አልታየኝም።

ከላይ ስንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ላቤን ስጠርግ ዞር ብሎ ፊቴን አየኝ። ቀረብ ብሎ፣ ግንባሬን፣ ከዓይኔ ሥር ያለውን፣ አገጬን፣ አንድ በአንድ።

«አንተ፣ እንዲህ አርጅተህ ነበር እንዴ?» አለ።

«ካንተ ጋር እኩል ነው ያረጀሁት።»

«ኧረ በጭራሽ!» አለ። ሳቁ ግን አመለጠው።